በስልክና በቪዲዮ ለወታደር ቤተሰቦችና ለተማሪ ልጆቻቸው ምክር መስጠት፦ የአሠራር መመሪያ

ቢሮ ውስጥ ስናማክር በሩን የምንዘጋው እኛ ነን። ወንበሩን ያስቀመጥነው፣ መጋረጃውን የጋረድነው፣ ሶፍቱን ጠረጴዛው ላይ ያኖርነው እኛ ነን። ተማካሪው ገብቶ ሲቀመጥ አንድም ቃል ሳንናገር «እዚህ የሚነገር እዚህ ይቀራል» የሚለው ነገር ይገባዋል። ከርቀት ስናማክር ያ ክፍል የለም። እናትየው ኩሽና ውስጥ ሆና፣ ልጁ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ወታደሩ ጓዶቹ በሚተኙበት ቤት ጥግ ቆሞ ነው የሚያዋራን። ስለዚህ የርቀት ምክር ትልቁ ሥራ ያንን የተዘጋ ክፍል ተማካሪው ባለበት ቦታ፣ ከራሱ ጋር ሆኖ መሥራት ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ወደዚያው ያመራሉ።

መመሪያው የምክር አሰጣጥ ሥልጠና ላላቸው ሰዎች ነው። ማማከርን ከመሠረቱ አያስተምርም፤ በአካል ስታማክሩ የኖራችሁ ሥራችሁን ወደ ስልክና ስክሪን ስታዞሩ ምን እንደሚለወጥ ያሳያል።

1. ምስጢሩ እስከ የት እንደሚጠበቅ አስቀድመው ይወቁ

የወታደር ሚስት ወይም ባል መጀመሪያ ሲደውሉ አፍ አውጥተው የማይጠይቁት አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «ይህ ነገር አለቃው ጆሮ ይደርሳል?» የሚፈሩት ማዕረግ እንዳይዘገይ፣ መሣሪያ እንዳይነጠቅ፣ «ቤቱን ማስተዳደር ያልቻለ» የሚል ስም እንዳይወጣ ነው። ይህ ፍርሃት መልስ ሳያገኝ የሚካሄድ ውይይት ዳር ዳሩን ይዞር እንደሆነ እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም።

መልሱን ከመጀመሪያው ጥሪ በፊት ይያዙ። ደመወዝዎን የሚከፍለው ሠራዊቱ ከሆነ መዝገቡን ማን ሊያይ እንደሚችል፣ ለአዛዥ የሚነገረው በምን ሁኔታ እንደሆነ ቀጣሪዎን በጽሑፍ ይጠይቁ። በትምህርት ቤት በኩል የሚሠሩ ከሆነም ጥያቄው ያው ነው፤ አለቃውን በርእሰ መምህር ይተኩት። ባልተጣራ ነገር ላይ «ማንም አይሰማም» ብለው ቃል አይግቡ። ወታደሮች ተሰባስበው በሚኖሩበት ሰፈር ወሬ ፈጣን ነው፤ አንዲት እናት ተከዳሁ ብላ ከተሰማት ጎረቤቶቿም ስልክዎን አያነሱም።

ከዚያ በተለመደ ቋንቋ ይንገሯቸው። እኔ የምለው ይህን ይመስላል፦ «የምንነጋገረውን ለሌላ ሰው አልናገርም። በራስዎ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ አደጋ መኖሩን ከተረዳሁ፣ ልጅ እየተጎዳ ከሆነ፣ ወይም ፍርድ ቤት ካዘዘኝ ግን ለሚመለከተው አካል መናገር ግዴታዬ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ከተቻለ አስቀድሜ ለእርስዎ ነው የምነግርዎት።» በሠራዊቱ በኩል ከሆኑ ለአዛዥ የሚደርሰውን ጭምር ሳይሸሽጉ ይጨምሩ። ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቁ። ብዙ ጊዜ ያ ያልተጠየቀው ጥያቄ የሚወጣው ከዚህ ዝምታ በኋላ ነው።

የፈቃድ ጉዳይም እዚሁ ይታያል። በብዙ አገሮች ሕጉ የሚያየው አማካሪው የተቀመጠበትን ቦታ ብቻ አይደለም፤ ተማካሪው ያለበትንም ነው። የወታደር ቤተሰብ ደግሞ ይዛወራል። ባለፈው ወር በፈቃድዎ ክልል ውስጥ የነበረች ተማካሪ በዚህ ወር ሌላ ክልል ወይም ሌላ አገር ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ «ዛሬ የት ነዎት?» የሚለው ጥያቄ በየጥሪው መጀመሪያ ይጠየቃል።

2. ዕቃውን ያዘጋጁ

ከምስል ይልቅ ድምፅ ይበልጣል። ኔትወርክ ሲደክም ምስሉን አጥፍተው ድምፁን ያቆዩ፤ ፊት ሳያዩ መነጋገር ይቻላል፣ የተቆራረጠ ድምፅ ግን አንጀት ይቆርጣል። በእርስዎ በኩል ከዋይፋይ ይልቅ ኬብል ይጠቀሙ፤ የጆሮ ማዳመጫ የግድ ነው። የተማካሪውን ምስል ካሜራው ሥር ወዳለው የስክሪን ክፍል ቢያስጠጉት ዓይን ለዓይን የተያያችሁ ያህል ይሆናል። የራስዎን ምስል ይደብቁት፤ ሰው ራሱን እያየ ሌላውን በደንብ አያዳምጥም።

የሚጠቀሙበት መተግበሪያ ጥሪውን የሚመሰጥር፣ የመጠበቂያ ክፍል ያለውና ቀጣሪዎ የፈቀደው ይሁን። ውይይት አይቅረጹ። ቀጠሮ ሲልኩ የማን ሰዓት እንደሆነ ይጻፉ፤ ግዳጅ ላይ ያለው ወላጅ ሌላ የሰዓት ክልል ውስጥ ሊሆን ይችላል። የአጭር መልእክቱን ይዘትም ያስቡበት፦ የቤቱ ሰው ሁሉ በሚያየው ስልክ ላይ «የምክር ቀጠሮዎ ነገ ነው» ከሚል ይልቅ አስቀድማችሁ የተስማማችሁበት ገለልተኛ ቃል ይሻላል።

3. የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች

በሥራዬ መጀመሪያ ላይ አንዲት ተማሪ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ወዲያው ማዳመጥ ጀመርኩ፤ ያኔ ማዳመጥ ማለት ያ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከሃያ ደቂቃ በኋላ «ከእንግዲህ አልችልም» አለችና ጥሪው ተቋረጠ። ባትሪ ይለቅ፣ ኔትወርክ ይሂድ፣ እሷ ትዝጋው አላውቅም ነበር። የት እንዳለች አልጠየቅኩም፤ ሌላ ስልክ አልያዝኩም፤ አጠገቧ ማን እንዳለ አላውቅም። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ራሷ መልሳ ደወለች፤ ቻርጀር ፍለጋ ሄዳ ነው። እነዚያን አርባ ደቂቃዎች አልረሳቸውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከአዲስ ተማካሪ ጋር የሚከተሉትን አምስት ነገሮች ሳልጠይቅ የጀመርኩት ጥሪ የለም።

የት ነዎት? ከተማ ብቻ አይበቃም፤ አምቡላንስ ሊደርስበት የሚችል አድራሻ ነው የሚፈለገው። ካምፕ ውስጥ ከሆኑ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ከውጭ የመጣ የድንገተኛ አገልግሎት መግባት ይችል እንደሆነ ይጠይቁ፤ በአንዳንድ ካምፖች መጀመሪያ የሚደርሰው የካምፑ የራሱ አገልግሎት ነው።

ማን አለ? «ብቻዬን ነኝ» ማለት በሩ ተዘግቷል ማለት አይደለም። «አሁን የምንነጋገረውን ሊሰማ የሚችል ሰው አለ?» ብለው ይጠይቁ።

ጥሪው ቢቋረጥስ? ማን መልሶ እንደሚደውል፣ በየትኛው ቁጥር፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነ ይስማሙ። «እኔ እደውላለሁ፣ እርስዎ አይደውሉ» ብሎ መወሰኑ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ እየደወላችሁ መስመሩን እንዳትይዙ ይረዳል።

ለአደጋ የምንጠራው ማነው? በአካባቢው ያለና ሊደርስ የሚችል ሰው ስምና ስልክ ይመዝግቡ። ግዳጅ ላይ ያለው ባል ለዚህ አይሆንም፤ እሱ ሊሰማ ይችላል፣ ሊደርስ ግን አይችልም።

መነጋገር ባይመች የምንለው ቃል ምንድን ነው? ሰው ቢገባባቸው ተማካሪው የሚናገሩት ተራ ቃል ይኑር። ቃሉ ሲነገር ወሬውን ወደ ሌላ ነገር ያዞራሉ ወይም አዎና አይ ብቻ ወደሚያስመልሱ ጥያቄዎች ይገባሉ።

በመጀመሪያው ቀን ይህ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ በሚቀጥሉት ጥሪዎች ሁለቱን ብቻ፣ ማለትም የት እንዳሉና ማን እንዳለ መጠየቅ ይበቃል። ከዚያ ክፍሉን አብራችሁ ሥሩ። የቆመ መኪና ውስጥ መቀመጥ፣ ከበሩ ውጭ ሬዲዮ መክፈት፣ እየተራመዱ በስልክ ማውራት ሁሉም ይሠራሉ። ተማካሪው የጆሮ ማዳመጫ ካደረጉ ሌላው የሚሰማው የእሳቸውን ድምፅ ብቻ ነው፤ ከባድ የሆነውን ቃል እርስዎ ከተናገሩት እሳቸው «አዎ» ብለው ያልፉታል። ይህች ትንሽ ዘዴ ብዙ ጠባብ ቤቶችን ሰፊ አድርጋለች።

4. ግዳጅ በቤት ውስጥ የሚያመጣውን ይወቁ

መጀመሪያ የማይጠየቀውን እንያዝ። ወታደሩ ያለበትን ትክክለኛ ቦታ፣ የሚመለስበትን ቀን፣ የጦር ክፍሉን ስምና የወታደሮቹን ብዛት አይጠይቁ፤ ተማካሪው ሊነግሩዎት ቢጀምሩም በትህትና ያስቁሟቸው፤ በመዝገብም አያስፍሩ። ለምክሩ «ሩቅ ነው»፣ «አደጋ ያለበት ቦታ ነው»፣ «ለመመለስ ጥቂት ወራት ቀርተውታል» ይበቃል።

ወታደር ከቤት ሲወጣና ሲመለስ የቤተሰቡ ስሜት የሚያልፍበት መንገድ አለ። በ2001 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሠራዊት ባለሙያዎች በአምስት ምዕራፍ ከፍለውታል፦ ከመሄዱ በፊት፣ የመጀመሪያው ወር፣ መሀሉ፣ ሊመለስ ሲል ያለው ወር፣ እና ከተመለሰ በኋላ ያሉት ከሦስት እስከ ስድስት ወራት። ክፍፍሉ ለሁሉም ቤት ልክ አይሆንም፤ ለአማካሪ ግን ጥያቄ ይሰጠዋል። ለምሳሌ ከመሄዱ በፊት ባሉት ሳምንታት ባልና ሚስት በረባ ባልረባው ይጣላሉ። ብዙዎች ትዳራቸው እየፈረሰ ይመስላቸዋል። «ሰው የሚወደውን ሊለይ ሲል አንዳንዴ ተቆጥቶ መለየት ይቀለዋል» ሲባሉ ስንቶች በረጅሙ እንደተነፈሱ!

መሀሉ ላይ ቤት ውስጥ የቀረው ወላጅ ቤቱን ብቻውን መምራት ይለምዳል፤ የራሱ ወግ ይወጣለታል። ሊመለስ ሲል ደስታውና ሥጋቱ ይደባለቃል። ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ይመጣል፦ ሕፃኑ አባቱን አይቶ ያለቅሳል፣ ሚስቲቱ ከአሁን በኋላ ገንዘቡን ማን እንደሚይዝ ግራ ይገባታል፣ የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ «አንተ በሌለህበት ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ» ይላል። አገልግሎታችን ወታደሩ ሲመለስ የሚያልቅ ከሆነ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ተቋረጠ ማለት ነው። ቀጠሮውን ቢያንስ እስከ ስድስተኛው ወር ያዝልቁት፤ ማራራቅ ይቻላል፣ ማቆም ግን አይገባም።

አንድ ስም ላንሳ። አሜሪካዊቷ የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያ ፖሊን ቦስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቬትናም ጦርነት የደረሱበት ያልታወቀ ወታደሮችን ቤተሰቦች አጥንታ ነበር። በእነዚያ ቤቶች ያየችው ሐዘን ከሞት ሐዘን ይለያል፤ አስከሬን የለም፣ ቀብር የለም፣ ተስፋም አልተቆረጠም። ያልለየለት ሐዘን ልንለው እንችላለን። ሁለት መልክ አለው፦ ሰውዬው በአካል የለም፣ በልብ ግን አለ፤ ወይም በአካል አለ፣ በልብ ግን የለም። ሁለተኛው ከግዳጅ ተመልሶ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ከማንም ጋር የማያወራውን ሰው ይገልጻል። እንዲህ ላለ ቤተሰብ «ተቀበሉት» ወይም «ተስፋ አትቁረጡ» ማለት አይረዳም። የሚረዳው ሁለቱንም አብሮ መያዝ ነው፦ «ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል። ዛሬ ግን ልጆቹ እራት ይበላሉ።»

5. ተማሪዎችን ሲያማክሩ

ሐኪም ቤት የሚወሰድ የሆድ ቁርጠት፣ የቀነሰ ውጤት፣ በክፍል ውስጥ መደባደብ፤ ትንንሾቹ ላይ ካቆሙ በኋላ እንደገና አልጋ ማርጠብ። ወላጅ ግዳጅ ላይ ሲሆን ልጆች የሚናገሩት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ትልልቆቹ ደግሞ ከመጠን በላይ «ጎበዝ» ይሆናሉ፤ ታናናሾቻቸውን ያሳድጋሉ፣ እናታቸውን ያጽናናሉ፣ ስለ ራሳቸው ግን ምንም አይሉም። እኔ ይበልጥ የምሰጋው ለእነዚህ ነው፤ ማንም ወደ አማካሪ አይልካቸውምና።

የወላጅ ፈቃድ ሕጉ በሚጠይቀው መሠረት ይያዛል። ከወላጁ ጋር በመጀመሪያ ቀን ምን እንደሚነገራቸውና ምን እንደማይነገራቸው ልጁ ባለበት ይስማሙ፤ ልጁ ስምምነቱን በጆሮው ይስማ። ግዳጅ ላይ ካለው ወላጅ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነም ያጣሩ።

ቦታውን ከትምህርት ቤቱ ጋር ይወስኑ። ከሁሉ የሚመረጠው ተማሪው ትምህርት ቤት ውስጥ ባለ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ሆኖ፣ የሚያምነው አንድ አዋቂ ከበሩ ውጭ ተቀምጦ ሲሆን ነው። ያ ሰው አይሰማም፤ ከተጠራ ግን በሰከንድ ውስጥ ይደርሳል። ጥሪው ሲያልቅ ተማሪው በቀጥታ ወደ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንዳይገባ አሥር ደቂቃ ይሰጠው። በአካል የመጣ ልጅ ወደ ክፍሉ እስኪመለስ በእግሩ የሚሄድበት ጊዜ አለው፤ ስክሪን የዘጋ ልጅ ግን ያ ጊዜ የለውም።

ትንንሽ ልጆች ስክሪን ፊት ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ቢቆዩ ነው። ወረቀትና ቀለም ይያዙ፤ «አባባ ሲሄድ ቤቱ ምን ይመስል ነበር? ሥለህ አሳየኝ» ይበሉ። አሻንጉሊቱን፣ ድመቱን፣ አልጋውን ያስተዋውቅዎ። እዚህ ላይ የርቀት ምክር ከቢሮ ይበልጣል፤ የልጁን ቤት ራሱ ልጁ ያስጎበኘናል። አፍላ ወጣቶች ምስሉን ማጥፋት ሊፈልጉ ይችላሉ፤ አይከልክሏቸው። አንዳንዱ ከባዱን ነገር በአፉ አይናገረውም፣ በመጻፊያው ሳጥን ይጽፈዋል። ሲጽፍ ታግሰው ይጠብቁ።

ዝምታን በተመለከተ፦ በኔትወርክ ላይ ድምፅ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል። ተማሪው የጨረሰ ሲመስልዎት ሦስት ሰከንድ ይጠብቁ። ካልጠበቁ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ አፉን ይዘጉበታል።

ብዙ ጊዜ የተዛወረ ልጅ ከሆነ ስንት ትምህርት ቤት እንደቀየረ፣ በየቦታው ማንን ትቶ እንደመጣ ይጠይቁ። «ጓደኛ አልይዝም፣ ልንሄድ ነዋ» የሚል ልጅ ዓይናፋር አይደለም፤ ራሱን እየጠበቀ ነው።

6. አደጋ ሲኖር

ለድብርት ፒኤችኪው-9፣ ለጭንቀት ጋድ-7 የሚባሉት መጠይቆች ከርቀትም ይሠራሉ። የመጀመሪያው 9 ጥያቄዎች አሉት፣ ከ0 እስከ 27 ይቆጠራል፤ ሁለተኛው 7 ጥያቄዎች አሉት፣ እስከ 21 ይደርሳል። በሁለቱም 10 እና ከዚያ በላይ የሆነ ውጤት ጠለቅ ብሎ መመርመርን ይጠይቃል። አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ ፒኤችኪው-9ን ማታ ተሞልቶ ጠዋት እንዲነበብ አድርገው በኢንተርኔት አይላኩ። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ይጠይቃል። ሰው እውነቱን መልሶ ማንም ሳያነበው ሌሊቱ ከነጋ፣ ጠይቀነው ጆሮ ነፈግነው ማለት ነው። በጥሪው ውስጥ አብራችሁ ሙሉት። ድምሩ ትንሽ ቢሆንም የዘጠነኛው መልስ ከዜሮ በላይ ከሆነ ሌላው ሁሉ ይቆይና ስለሱ ይነጋገሩ።

በግልጽ ይጠይቁ፦ «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ብዙ ጊዜ ያቀልለታል። መልሱ አዎ ከሆነ ዕቅድ እንዳለው፣ መንገዱ በእጁ እንዳለ ይጠይቁ። በወታደር ቤት የጦር መሣሪያ መኖሩ የተለመደ ነውና በስሙ ይጥሩት፦ «ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ? የት ነው? ቁልፉ ማን ጋ ነው?» መሣሪያውን ለጊዜው ከቤት ማውጣት፣ ካልሆነም ቆልፎ ጥይቱን ለብቻው ማስቀመጥና ቁልፉን ለታመነ ሰው መስጠት ሕይወት ያተርፋል። ይህን ነገ ሳይሆን ጥሪው ሳይዘጋ ያስፈጽሙ።

ከዚያ የደኅንነት ዕቅድ አብራችሁ ጻፉ፤ ተማካሪው በራሱ እጅ፣ በራሱ ቃል። ሲብስበት የሚታዩት ምልክቶች፣ ብቻውን ሊያደርግ የሚችለው፣ ሐሳቡን የሚያስረሱት ሰዎችና ቦታዎች፣ ለእርዳታ የሚጠራቸው፣ ባለሙያዎችና የድንገተኛ ቁጥሮች፣ በመጨረሻም አካባቢውን ከአደጋ ነገር ማጽዳት። ፎቶ አንስቶ ስልኩ ላይ ያስቀምጠው።

አደጋው ቅርብ ከሆነ መስመሩን አይልቀቁ። በሌላ ስልክ እርስዎ ወይም የሥራ ባልደረባዎ ለድንገተኛ አገልግሎት ይደውሉ፤ በመጀመሪያው ደቂቃ የያዙት አድራሻ የሚያስፈልገው ለዚህ ሰዓት ነው። ለተማካሪው የሚያደርጉትን ይንገሩት። ሰው እስኪደርስና ድምፁን እስኪሰሙ ድረስ አብረውት ይቆዩ።

የቤት ውስጥ ጥቃት ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አጥቂው በዚያው ክፍል ሊሆን ይችላልና ባልና ሚስት አብረው ባሉበት ጥሪ ስለ ጥቃት አይጠየቅም። እያንዳንዳቸውን ለየብቻ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ አዎና አይ በሚያስመልስ ጥያቄ ያግኟቸው። ጥቃት መኖሩን ካወቁ የጋራ ምክሩ ይቆማል፤ የተጎዳው ሰው ደኅንነት ይቀድማል። የጥሪና የመልእክት ታሪክ ማጥፋትን አብረው ያድርጉ።

7. መዝገብና ርክክብ

ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ ተማካሪው የነበሩበትን ቦታ፣ ማን እንደነበረ፣ በቪዲዮ ወይም በድምፅ መሆኑን፣ ጥሪው ከተቋረጠ መቼና እንዴት እንደቀጠለ ይጻፉ። የወታደሩን ግዳጅ ዝርዝር ግን አይጻፉ። በየሳምንቱ ከሚያማክርዎ የሙያ ኃላፊ ጋር ይገናኙ፤ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሰው ሐዘን የሚሰማ ሰው ኮሪደር ላይ «ዛሬ ከብዶኝ ዋለ» የሚለው ባልደረባ የለውም።

ዝውውር ሲመጣ፣ መምጣቱም አይቀርም፣ ፈቃድዎ የሚያሠራዎት ከሆነ ይቀጥሉ፤ ርቀት እዚህ ላይ ጸጋ ነው፤ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ጎረቤት ሁሉ ሲለወጥ ያልተለወጠ አንድ ድምፅ ይኖራል። ፈቃድዎ የማያሠራዎት ከሆነ ስልክ ቁጥር ሰጥተው አይሰናበቱ። አዲሱን አማካሪ፣ ተማካሪውንና ራስዎን በአንድ ጥሪ ያገናኙ፤ ምን እንደሚነገር ከተማካሪው ጋር አስቀድመው ይስማሙ፤ ታሪኩን እሳቸው ይንገሩት፣ እርስዎ የጎደለውን ብቻ ይሙሉ። የሚቀጥለው ቀጠሮ ቀንና ሰዓት በዚያው ጥሪ ላይ ይያዝ። ከቀጠሮው ማግሥት ደውለው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ «ተገናኛችሁ?»